ሁለቱ የነሐስ ጫማዎች

በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ፣ በካንሳስ ግዛት በምትገኘው በዊቺታ ከተማ፣ ማክአዳምስ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ ቆሞ የነበረው የጃኪ ሮቢንሰን የነሐስ ሐውልት በ2024 ዓ.ም. ጃንዋሪ 25 ቀን ሲነጋ (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል) በቦታው አልተገኘም። አልተገኘም ማለት ግን ጨርሶ አይደለም፤ ሌቦቹ በሌሊት መጥተው ከቍርጭምጭሚቱ ላይ ቈርጠው በመኪና ጭነው ሲወስዱት፣ ከመሠረቱ ጋር የተጣበቁት ሁለቱ ጫማዎቹ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ባለቤታቸው አውልቋቸው ወደ ውስጥ የገባ ይመስል፣ ጎን ለጎን እንደቆሙ ቀርተዋል።

ከጥቂት ቀን በኋላም በዚያው ከተማ በሌላ መናፈሻ ውስጥ ካለ የቆሻሻ በርሜል እሳት ሲነሣ ታየ፤ እሳቱን ለማጥፋት የሄዱት ሰዎች በዐመዱ ውስጥ ያገኙት ቍርጥራጭ ነሐስ የሐውልቱ አካል ነበረ። ሮቢንሰን ማለት ጥቁር ሰው በታላቁ የቤዝቦል ሊግ እንዳይጫወት ስድሳ ዓመት ያህል የቆየውን ክልከላ በ1947 ዓ.ም. ያፈረሰ ሰው ነውና፣ የተቈረጡትን እግሮች ፎቶግራፍ ያየ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያሰበው ይህ ያለ ጥርጥር የዘር ጥላቻ ሥራ ነው ብሎ ነበር፤ ማን ይፈርድበታል? ዳሩ ግን የከተማው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን መርምረው የደረሱበት ነገር ከጥላቻም ያነሰ፣ ምናልባትም ከጥላቻ ይልቅ የሚያሳዝን ነበር፤ ሌቦቹ ሐውልቱን የወሰዱት ለብረት ለቃሚ ሊሸጡት ኖሮ፣ የማንን ምስል እንደ ቈረጡ ብዙም አላስጨነቃቸውም። የነሐስ ዋጋ ብቻ ነበር ያዩት።

እኔም ይህን ወሬ ካነበብሁ ጀምሮ ከኅሊናዬ ያልወጣው ይኸው ነው። በዛሬው የአሜሪካ ቤዝቦል ውስጥ ጥቁር ልጆች ለምን ጠፉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ በመጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ «አትገቡም» የሚል ክፉ ሰው ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ሰውም በእርግጥ ብዙ ዘመን በዚያ በር ላይ ቆሞ ነበር። አሁን ግን ወደ በሩ ሲቀርቡ የሚያገኙት የዋጋ ዝርዝር ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ያሉባቸው ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ፤ የአንደኛው ወርዋሪ ኳሱን በኀይል ይወረውራል፣ የሌላኛው መቺ በዱላ ይመታል፤ ከመታም በኋላ ሦስት ማረፊያዎችን እየነካ ሮጦ ከተነሣበት ቦታ በደኅና ከተመለሰ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል፤ ከቤት ወጥቶ ዞሮ ወደ ቤት መግባት ነው ጨዋታው ሁሉ። በአንደኛውና በሁለተኛው ማረፊያ መካከል ያለው ርቀት ለዐዋቂዎች 90 ጫማ ሲሆን ለሕፃናቱ 60 ጫማ ነው። የእኛም የገና ጨዋታ በዱላና በኳስ ነውና፣ የሩቅ ዘመድ ልንለው እንችላለን። ነገር ግን እኛ በልጅነታችን የገናውን ዱላ ከወይራ ቈርጠን፣ ሩሯን ከእንጨት ጠርበን ወይም በጠፍር ተብትበን እንጫወት ነበር እንጂ ለዱላው ሳንቲም የከፈለ አባት አላውቅም፤ በዚያ ቀን ደግሞ ሎሌው ጌታውን ቢመታው ጌታው እንዳይቈጣ ልማዱ ያዝዛል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬ ሁለት ክረምት ከሜሪላንድ የመጣው የእኅቴ ልጅ ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው ነገር አንድ የቤዝቦል ጓንት ነበር፤ ቡናማ፣ እንደ ዳቦ ያበጠ፣ አዲስ ኮርቻ የሚሸት ጓንት። እኔ በቀኝ እጄ ላጠልቀው ስታገል ዐይቶ፣ «ጋሼ፣ በግራህ ነው የምታጠልቀው፤ በቀኝህ ትወረውራለህ» አለኝ፤ እናቱ «አንቱ» በል እያለች ብትቈጣውም ልጁ ከዚያ ተወልዶ ያደገ ነውና አንቱታው ገና አፉ ላይ አልተለማመደም። ዋጋውን ስጠይቅ ከእኅቴ የሰማሁት መልስ ግን ስለ ጓንቱ አልነበረም። «ጋሼ፣ እርስዎ ጓንቱን ያያሉ፤ ጓንቱማ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ያልቃል። እኔን የፈጀኝ መንገዱ ነው» አለች፤ ቀጥላም፣ ቅዳሜና እሑድ ሌላ ግዛት ድረስ ሦስትና አራት ሰዓት እየነዳች ወደ ውድድር እንደምትወስደው፣ የሆቴሉን፣ የቤንዚኑን፣ የአሠልጣኙን፣ የመመዝገቢያውን፣ ለዚያም ስትል የሌሊት ተራዋን ከባልንጀሮቿ ጋር እንዴት እየተለዋወጠች እንደምትሠራ ነገረችኝ። «ከአሥራ ሦስቱ ልጆች ጥቁሩ የእኔ ብቻ ነው» ብላ ዝም አለች። ልጁ ይህን ሁሉ እየሰማ ኳሱን ወደ ጓንቱ ይወረውር ነበር፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

ወደ ጥንተ ነገሩ ልመለስ። በ1884 ዓ.ም. ሞሰስ ፍሊትዉድ ዎከር የሚባል ጥቁር ሰው በቶሊዶ ቡድን ተቀባይ ሆኖ ከነጮቹ ጋር በታላቁ ሊግ ተጫውቶ ነበር፤ ይህ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1887 ዓ.ም. ከታችኞቹ ሊጎች የዋነኛው ባለቤቶች ከእንግዲህ ጥቁር ተጫዋች አናስፈርምም ብለው ወሰኑ፤ ከዚያም ክልከላው በሕግ መጽሐፍ ሳይሰፍር፣ በዐዋጅ ሳይነገር፣ «የጨዋ ሰዎች ስምምነት» ተብሎ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ለሁሉም ሥርዐት ሆነ። በቤተ ክህነት አነጋገር «ጨዋ» ያልተማረውን ሰው የሚያመለክት ቃል መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ስሙ ለነገሩ ደኅና ይስማማዋል። ያልተጻፈ ግዝት ደግሞ ከተጻፈው ይብሳል፤ የተጻፈውን በጽሑፍ መሟገት ይቻላልና።

ጥቁሮቹም የራሳቸውን ቤት ሠሩ። በ1920 ዓ.ም. ሩብ ፎስተር በካንሳስ ሲቲ በአንድ የወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሕንፃ ውስጥ የቡድን ባለቤቶችን ሰብስቦ የጥቁሮችን ብሔራዊ ሊግ አቋቋመ፤ ከዚያ ዘመን የተነሡት እንደ ሳቸል ፔጅና እንደ ጆሽ ጊብሰን ያሉት ተጫዋቾች ከማናቸውም ነጭ የማያንሱ ነበሩ፤ ታላቁ ሊግም ይህን በመዝገብ ለማመን እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ ቆይቶ፣ ቍጥራቸውን ከራሱ ቍጥር ጋር የቀላቀለው በ2024 ዓ.ም. ነው፤ በዚያም ጊዜ ጊብሰን በመምታት ስሌት ከሁሉ የበላይ ሆኖ ተገኘ፤ ከሞተ ሰባ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር። ከዚሁ ዘመን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈገግታም ኀዘንም የሚያመጣ አንድ ነገር አለ። «የኢትዮጵያ ቀልደኞች» የሚል ስም የያዘ የጥቁሮች ቡድን ነበረ፤ ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው ሕዝብ እያሣቁ ይጫወቱ ነበርና፣ አገራችን በጣሊያን ጦር በምትሠቃይበት ወራት ስሟን ለሣቅ ማቅረብ ነውር ነው ብለው የተቈጡት የሌሎቹ የጥቁር ቡድኖች ሰዎች ነበሩ። ቡድኑ በ1943 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ሲገባ የኢትዮጵያን ስም ተወው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም በዚያው ቡድን፣ ያን ጊዜ የኢንዲያናፖሊስ ቀልደኞች በሚባለው፣ ሃንክ አሮን የሚባል የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ተጫወተ።

ሐውልቱ የተሰረቀባት ዊቺታ ራሷ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ቦታ ቀላል አይደለም። በ1925 ዓ.ም. ጁን 21 ቀን በዚያች ከተማ የዊቺታ ሞንሮቪያንስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድን የተጋጠመው ከማን ጋር ነው ቢባል፣ ከኩ ክለክስ ክላን ቡድን ጋር ነው፤ ነጭ ካባና ሹል ቆብ ከሚለብሰው፣ ጥቁር ሰው በዛፍ ላይ ከሚሰቅለው ማኅበር ጋር። ለሁለቱ ወገኖች እኩል ይፈርዱ ዘንድ የተመረጡት ዳኞች ሁለት የአየርላንድ ዘር ያላቸው ካቶሊኮች ነበሩ፤ ክላኑ ካቶሊኮችንም ይጠላ ነበርና ምርጫው ብልኀት ያለበት ነው። ጥቁሮቹ 10 ለ8 አሸነፉ፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ሄደ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በ1935 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ በተደረገ አገር አቀፍ ውድድር፣ ከሰሜን ዳኮታ የመጣና ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት የቢስማርክ ቡድን፣ ሳቸል ፔጅ እየወረወረለት፣ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው ታላቁ ሊግ «አይቻልም» በሚልበት ዘመን ነው፤ የማይቻለው ነገር በካንሳስ ፀሐይ ላይ፣ ትኬት ተሸጦለት፣ ሕዝብ እያየ ተደረገ።

ስለ 1947 ዓ.ም. ብዙ ተጽፏልና አላረዝምም። ኤፕሪል 15 ቀን በብሩክሊን ኤበትስ ሜዳ ሮቢንሰን የዶጀርስን መለያ ለብሶ ወጣ፤ ስድቡን፣ ዛቻውን፣ እግሩ ላይ የተሰነዘረበትን የጫማ ጥርስ ሁሉ ችሎ በዓመቱ መጨረሻ የአዲስ ተጫዋቾች ተሸላሚ ሆነ። ነገር ግን ከዚህ ላይ አንድ የሚዘለል ነገር አለ፤ የዶጀርስ ኀላፊ ብራንች ሪኪ ሮቢንሰንን ከጥቁሮቹ ቡድን፣ ከካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ፣ ሲወስደው ለቡድኑ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። ታላቁ ሊግ የከፈተው በር ለተጫዋቾቹ ነበር እንጂ ለጥቁሮቹ የቡድን ባለቤቶች፣ ለአሠልጣኞቻቸው፣ ትኬት ለሚቈርጡት፣ ሣር ለሚያጭዱት አልነበረም፤ እነርሱ ከነሜዳቸው ቀሩ። ልጅ የሚያየውና የሚመኘው የሰፈር ቡድን እንዲህ ጠፋ። ከታላቁ ሊግ የመጨረሻው ቡድን፣ የቦስተኑ ሬድ ሶክስ፣ ጥቁር ተጫዋች ያስገባው በ1959 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ሕፃናቱ እንምጣ፤ ነገሩ ከሁሉ የሚከብደው በእነርሱ ላይ ነውና።

በ1955 ዓ.ም. በጋ በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ፣ በካነን ጎዳና ያለው የወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር አስቀድሞ ለጥቁር ልጆች ባቋቋመው የሊትል ሊግ ማኅበር ውስጥ፣ ከመካከላቸው አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት የሞላቸውን ምርጦች በአንድ ቡድን አድርጎ ለከተማው ውድድር አስመዘገበ። ሊትል ሊግ በ1939 ዓ.ም. በፔንሲልቬኒያ በዊሊያምስፖርት ከተማ የተመሠረተ የሕፃናት ማኅበር ሲሆን፣ በደንቡ ዘር አይለይም ነበር። የከተማው ነጮች ቡድኖች ግን ከጥቁር ልጆች ጋር አንገጥምም ብለው ወጡ፤ ልጆቹም ያለ ጨዋታ አሸናፊ ሆኑ። ወደ ግዛቱ ውድድር አለፉ፤ የግዛቱ ስልሳ አንድ የነጮች ቡድኖች ሁሉ እንደዚያው አድርገው ወጡ። አሁንም አሸነፉ። አንድ ኳስ ሳይወረወርባቸው፣ አንድ ዱላ ሳያነሡ፣ የደቡብ ካሮላይና ሻምፒዮን ተባሉ።

ቀጥሎ በጆርጂያ ግዛት በሮም ከተማ የሚደረገው የአካባቢው ውድድር ነበር፤ ከዚያ የሚያሸንፈው ወደ ዊሊያምስፖርት፣ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ይሄዳል። በዚህን ጊዜ ግን የማኅበሩ ሹማምንት መዝገባቸውን ገለጡና አንድ አንቀጽ አገኙ፤ በጨዋታ ሳይሆን በተጋጣሚ መቅረት ያሸነፈ ቡድን ወደዚያ ሊያልፍ አይችልም የሚል። ደንቡ ደንብ ነው፤ የሚነቀፍ ቃል የለበትም፤ ግን አስተውሉት፤ በመጀመሪያ ማንም እንዳይጫወታቸው ተደረገ፣ በኋላ ማንም ስላልተጫወታቸው ተከለከሉ። ከዚህ የተሻለ የሎጂክ ቀለበት የቅኔ መምህርም አይሠራም።

ማኅበሩ ለኅሊናው ይሁን ለስሙ ልጆቹን በእንግድነት ጋበዘ። በአውቶቡስ ተሳፍረው ከቻርልስተን እስከ ዊሊያምስፖርት ሄዱ፤ ሜዳው ላይ ወርደው ጥቂት ጊዜ ኳስ እንዲቀባበሉ ተፈቀደላቸው፤ ከዚያም ወደ መቀመጫቸው ተመልሰው የሌሎቹን ጨዋታ እንዲመለከቱ። በሜዳው ዙሪያ የነበረው ሕዝብ፣ አብዛኛው ነጭ፣ ልጆቹ ሲወረውሩና ሲቀልቡ ዐይቶ በአንድ ድምፅ «ይጫወቱ! ይጫወቱ!» እያለ ጮኸ። አልተጫወቱም። ያ ሳምንት ኤመት ቲል የሚባለው የአሥራ አራት ዓመት ጥቁር ልጅ በሚሲሲፒ የተገደለበት ሳምንት መሆኑን ስናስታውስ፣ ቤዝቦል ነው ብለን የምንንቀው ነገር በምን ዐይነት አየር ውስጥ ይደረግ እንደ ነበር ይገባናል። የወጡት የነጮች ቡድኖች ደግሞ ወደ ሊትል ሊግ አልተመለሱም፤ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፣ በኋላም «ዲክሲ» የሚል ስም ሰጡት።

ነገር ግን በዚያው ወር፣ ኦገስት 9 ቀን፣ በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ፣ የኦርላንዶ ነጭ ልጆች ከፔንሳኮላ ከመጡት ጥቁር ልጆች ጋር ተጋጥመዋል። ነጮቹ 5 ለ0 አሸነፉ። ቻርልስተኖቹ ሁለት ጊዜ ካሸነፉት ማሸነፍ ይልቅ የፔንሳኮላዎቹ መሸነፍ በብዙ እንደሚሻል ለመናገር ሊቅ መሆን አያሻም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት የፍሬ ዘመን ነበር። በ1971 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 1 ቀን የፒትስበርግ ቡድን ዘጠኙም ጥቁርና ላቲን የሆኑ ተጫዋቾችን ይዞ ወደ ሜዳ ወጣ፤ በታላቁ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ሲሆን፣ 10 ለ7 አሸነፈ። በ1981 ዓ.ም. ጥቁር አሜሪካውያን ከሊጉ ተጫዋቾች 18.7 በመቶ ያህል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ እንደ ሐምሌ ጭቃ ማዳጥ ጀመረ፤ በ2024 ዓ.ም. የውድድሩ ዘመን ሲከፈት 6 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ2022 ዓ.ም. ለመጨረሻው ዋንጫ በተጋጠሙት በሁለቱ ቡድኖች ውስጥ አንድም በአሜሪካ የተወለደ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም፤ ያሸነፈውን የሂዩስተንን ቡድን የሚመራው አሠልጣኝ ደስቲ ቤከር ግን ራሱ ጥቁር ነበር። በየዓመቱ ኤፕሪል 15 ቀን የሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ በጀርባቸው የሮቢንሰንን ቍጥር፣ 42ን፣ ለብሰው ይወጣሉ። እንደ ዝክር ነው፤ ዝክሩ ሲደምቅ የባለ ዝክሩ ዘር ግን ከማዕዱ እየራቀ ሄደ።

በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው «ጠፉ ትላለህ እንጂ ሜዳው ጥቁር ፊት ሞልቶበታል» ሊለኝ ይችላል፤ እውነቱን ነው። ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ፣ ከቬኔዙዌላ፣ ከኩባ የመጡት ብዙዎቹ ቆዳቸው ከሮቢንሰን አይነጣም፤ አያቶቻቸውም በዚያው ክልከላ ከበር የተመለሱ ናቸው፤ ኩባዊው ማርቲን ዲሂጎ በዘመኑ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ ሲሆን በታላቁ ሊግ አንድ ቀን አልተጫወተም። የእነርሱ መምጣት ሊጠላ የሚገባ አይደለም። ግን የሚመጡበት መንገድ ምስጢሩን ይገልጥልናል። የአሜሪካ ቡድኖች በዶሚኒካን ምድር የሥልጠና ግቢ ሠርተው፣ ልጁን በአሥራ ስድስት ዓመቱ አስፈርመው፣ እያበሉና እያስተኙ ያሳድጉታል፤ ወጪው የቡድኑ ነው። አሜሪካዊው ልጅ ግን «ድራፍት» በሚሉት የምልመላ ሥርዐት እስኪመረጥ ድረስ ማሳደጊያው የእናትና የአባቱ ነው። የሳንቶ ዶሚንጎው ድኻ ልጅ የሚያሳድገው ቡድን አለው፤ የባልቲሞሩ ድኻ ልጅ የለውም።

ቀድሞ የሰፈሩ ልጅ ከሰፈሩ ሜዳ ይማር፣ ከትምህርት ቤቱ ቡድን ይታይ ነበር። ዛሬ ግን መልማዮቹ የሚሰበሰቡት ከከተማ ወደ ከተማ በሚዞሩት ተጓዥ ቡድኖች ውድድር ላይ ነው፤ እኅቴን የፈጀው መንገድ ይህ ነው። አንድ ጥሩ የልጆች ዱላ ከ300 እስከ 500 ዶላር ይሸጣል። አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ልጁ ለሚወደው ዋና ስፖርት በዓመት በአማካይ አንድ ሺሕ ዶላር ያህል እንደሚያወጣ በ2024 ዓ.ም. የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ በተጓዥ ቡድን ላለ ልጅ ይህ መነሻው ነው። ከዚህ ጎን የማዕከላዊው ባንክ በ2022 ዓ.ም. ያጠናውን እናስቀምጥ፤ የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር፣ የጥቁሩ 44,900 ዶላር። ዋጋ ዘር አይለይም የሚል ሰው ይህን ይመልከት። ዝርዝሩ ለሁሉ አንድ ነው፤ ኪሱ ግን የአያቱን ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው።

አንድሩ መከችን የሚባለው ታዋቂ ተጫዋች፣ በፍሎሪዳ በምትገኘው በትንሿ ፎርት ሚድ ያደገ፣ በ2015 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር ባወጣው ጽሑፍ፣ ድኻ ልጅ ችሎታ ቢኖረው እንኳ ችሎታውን የሚያዩት ሰዎች ወዳሉበት የሚያደርሰው ከሌለ እንዳልነበረው እንደሚቀር፣ እርሱ ራሱም ያለፈው ሌሎች ሰዎች ወጪውን ስለ ሸፈኑለት መሆኑን ሳያፍር ተናግሯል። የዩኒቨርሲቲውም ነገር እንዲሁ ነው። እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ አንደኛው ክፍል የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ እግር ኳስ 85 ሙሉ የነጻ ትምህርት ዕድል ሲሰጥ፣ ለቤዝቦል የተፈቀደለት 11.7 ብቻ ነበር፤ ይህንንም ሠላሳ ያህል ልጆች ይካፈሉታል። ከነጥቧ በኋላ ያለችው ሰባት ማን እንደምትደርሰው እግዜር ይወቅ። የድኻ እናት ልጅ ሁለት ተሰጥኦ ቢኖረው፣ ሩቡን ከሚከፍለው ወደ ሙሉው ይሄዳል እንጂ ምን ያደርጋል? አሁን ጣሪያው ተነሥቷል፤ ፍሬው ወደፊት የሚታይ ነው።

የመንደርና የወሰን ነገርም አለ። በ2014 ዓ.ም. በጃኪ ሮቢንሰን ስም የተሰየመ፣ ልጆቹ ሁሉ ጥቁር የሆኑ የቺካጎ ቡድን በዊሊያምስፖርት የአሜሪካ ሻምፒዮን ሲሆን አገሩ በደስታ ተናወጠ፤ በዚያው ውድድር ሞኔ ዴቪስ የምትባል የፊላደልፊያ ልጅ ተቃራኒዎቿ አንድ ነጥብ እንኳ ሳያስቈጥሩባት የረታች የመጀመሪያዋ ሴት ወርዋሪ ሆነች። በፌብሩዋሪ 2015 ዓ.ም. ግን የቺካጎዎቹ ዋንጫ ተነጠቀ፤ ኀላፊዎቹ ከክልላቸው ውጭ የሚኖሩ ልጆችን ለማስገባት የወሰኑን ካርታ አዛብተው ነበር። ጥፋቱ የታላላቆቹ ነው፤ ቅጣቱም በደንብ የመጣ ነው፤ ሆኖም የቻርልስተንን ነገር ካነበብሁ በኋላ፣ ደንብ የሚባለው ነገር እንዲህ ካሉ ልጆች ዋንጫ ጋር መገናኘት ማብዛቱ ትንሽ ያስተክዘኛል።

ሊጉ ዝም ብሎ ተቀምጧል ማለት ግን ሐሰት ይሆንብኛል። በ1989 ዓ.ም. ጆን ያንግ የሚባል የቀድሞ ተጫዋችና መልማይ በደቡብ ሎስ አንጀለስ የጀመረው፣ ቤዝቦልን በከተማ እምብርት እንደገና የማንሣት ሥራ በሊጉ ድጋፍ ብዙ ከተሞች ደርሷል፤ በ2006 ዓ.ም. በኮምፕተን ያለ ክፍያ የሚያሠለጥን ግቢ ተከፈተ። በ2022ቱ ምልመላ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አራቱ ጥቁሮች ሆነው ሲገኙ ብዙ ሰው ዘሩ በቀለ ብሎ ተደሰተ፤ እኔም ተደስቻለሁ። ብቻ ከአራቱ የሦስቱ አባቶች ራሳቸው ስመ ጥር ስፖርተኞች የነበሩ መሆናቸውን ሳነብ፣ የእኅቴ የሌሊት ተራ ትዝ አለኝ።

ወደ ዊቺታ ልመለስና ላብቃ። ያን ሐውልት ያቆመው ሊግ 42 የሚባል የልጆች ማኅበር ነው፤ የመሠረተው ቦብ ሉትዝ የከተማው ጋዜጣ የስፖርት ጸሐፊ የነበረ ነጭ ሰው ሲሆን፣ የማኅበሩ ብልኀት ሁሉ በአንዲት ነገር ላይ ይቆማል፤ መመዝገቢያው 30 ዶላር ነው። በዚያች 30 ዶላር ልጁ ዱላም፣ ጓንትም፣ መለያም ያገኛል፤ ስድስት መቶ ያህል ልጆች ይጫወታሉ፤ ጨዋታውም እዚያው በከተማቸው ስለ ሆነ ሆቴል የለ፣ ሩቅ መንገድ የለ። እኅቴ ይህን ብትሰማ በመኪና ወደዚያ ሳትዛወር አትቀርም።

ሐውልቱ 75,000 ዶላር ያህል ይገመት ነበር፤ ተሰረቀ የተባለ ጊዜ ግን ከየአገሩ፣ ከታላቁ ሊግም ጭምር፣ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ገንዘብ ጎረፈ። ቀራፂው ሞቷል፤ ቅርጹ የወጣበት ቀፎ ግን ተርፎ ነበረ። እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው የእኛ አንጥረኞች እንደሚያደርጉት ነው፤ መጀመሪያ ሰሙ ይፈሳል፣ ሰሙ ቅርጹን ይይዛል፣ ከዚያ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ነሐሱ በስፍራው ይገባል። በኦገስት 2024 ዓ.ም. አዲሱ ሮቢንሰን ከነጫማው ቆመ።

አሮጌዎቹ ጫማዎች ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ ወደ ጥቁሮች ሊግ ቤተ መዘክር ሄዱ፤ ባለቤታቸው በ1945 ዓ.ም. በሞናርክስ ቡድን ወደ ተጫወተባት ከተማ።